መቀስ የበላው የዕርቅ ማስታወሻ

እኔ ስጽፍ አላነብም ነበር። ይህን ስናገር ሰው ይስቃል፤ የሙያ ጓደኞቼ ግን ምን ማለቴ እንደሆነ ያውቃሉ። ጎበዝ ታይፒስት ጆሮዋ የሰማውን ጣቷ ይጽፈዋል፣ ልቧ ደግሞ የፈለገበት ይዞራል። ሜክሲኮ አካባቢ ከነበረ የጽሕፈት ማሠልጠኛ ስመረቅ ከክፍላችን ፈጣኗ እኔ ነበርኩ። ትዕቢቴም አብሮኝ ሳይመረቅ አልቀረም። ያ ትዕቢት እኔን ብዙም አላስከፈለኝም፤ ያስከፈለው ሌላ ሰው ነው። ይህን የምጽፈውም ለዚያ ነው።

ሥራ የጀመርኩት ልደታ፣ ከፍርድ ቤቱ ጀርባ፣ በአንድ አዛውንት ጠበቃ ቢሮ ነው። ሚሊኒየሙ ሊገባ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት መሆኑ ነው። ቤቱ ደረጃው የሚንቋቋ አሮጌ ፎቅ ነበር፤ ታች ፎቶ ኮፒ ቤት፣ ላይ እኛ። የውስጠኛው ክፍል የጠበቃው፣ የውጪው የእኔና የባለጉዳዮች። ጋሼ እላቸው ነበር። ባለጉዳዩም፣ ታች ያለው ፎቶ ኮፒ አንሺም፣ አንዳንድ ጊዜ ተከራካሪው ወገን ጭምር ጋሼ ነበር የሚላቸው። ኮምፒዩተር ስለነበረን ከጎረቤት ጠበቆች ትንሽ ቀና ብለን እንሄድ ነበር። ማታ ስወጣ የጋሼ ባለቤት የሠሩለትን ዳንቴል አለብሰዋለሁ። ጋሼ ራሳቸው አንድ ቀን ነክተውት አያውቁም፤ ሲያልፉ ግን ጎኑን መታ መታ ያደርጉት ነበር።

ጋሼ ችሎት ቆመው ከማሸነፍ ይልቅ ማስታረቅ የሚወዱ ጠበቃ ነበሩ። ሰው ክስ ሊያስጽፍ ተንደርድሮ ይመጣል። እሳቸው ቁጭ አድርገው እስኪበርድለት ያዳምጡና፣ “ክሱንማ እንጽፋለን፣ የት ይሄድብናል። መጀመሪያ ግን ያንን ሰውዬ ላናግረው” ይላሉ። ከዚያ ወዲያ አንዳንዴ በሳምንት፣ አንዳንዴ በስድስት ወር ሁለቱ ባላንጣዎች እኛ ቢሮ ተያይተው ይቀመጣሉ። ሌሎቹ ጠበቆች “ይሄ ሰውዬ ጠበቃ ነው ወይስ የዕድር ዳኛ?” እያሉ ያሟቸው ነበር። ጋሼ ሐሜቱን ሰምተው ይስቃሉ።

አርብ ከሰዓት ችሎት ሲቀልላቸው ወንበራቸውን ከእኔ ጠረጴዛ አጠገብ ያመጡና “ነይ ልጄ፣ እንጻፍ” ይሉኛል። የሚያስጽፉኝ በዚያ ሰሞን የታረቁትን ሰዎች ጉዳይ ነው። የስምምነቱ ውል ተፈርሞ መዝገቡ ውስጥ ገብቷል፤ እሱን አልነበረም። ምን እንዳስታረቃቸው ነበር የሚያስጽፉኝ። የትኛው ቃል ሲነገር የማን ፊት እንደተለወጠ፣ ማን ቀድሞ እንደተነሣ፣ እሳቸው የት ላይ ዝም ማለት ሲገባቸው ተናግረው ነገሩን እንዳበላሹት። ለአንድ ጉዳይ አንድ ገጽ። ስም አይጻፍም፤ “ታላቅየው ወንድም”፣ “ባለሱቋ ሴትዮ” እየተባለ ነው። ዓመታት ሲጠራቀም ብዙ ገጽ ሆነ።

ከዚያ ውስጥ አንድም ገጽ ታትሞ አያውቅም። አንድ ጊዜ ላትመው ብላቸው፣ “ወረቀት እግር አለው ልጄ። ፎቶ ኮፒ ቤቱ ደግሞ ታች ነው” አሉኝ። ሰው ገመናውን አምኖ ነግሯቸዋልና ምስጢሩ በሕይወት ሳሉ ከቢሮ እንዲወጣ አልፈለጉም። ማስታወሻውን የሚያስጽፉት ሕግ ለምታጠናው ብቸኛ ልጃቸው ነበር። ልትመረቅ ሁለት ዓመት ቀርቷታል፣ ከዚያ ቢሮውን ትረከባለች። “ሕጉን እዚያ ያስተምሯታል። ይሄንን ግን የሚያስተምራት የለም” ይሉ ነበር። ይህን ሲሉ ድምፃቸው ውስጥ የነበረውን ነገር ያኔ አላስተዋልኩትም፤ እኔ ፍጥነቴ ላይ ነበርኩ።

አንድ አርብ መብራት ጠፍቶ ያልሴቭኩትን ገጽ ይዞብኝ ሄደ። ጋሼ ደነገጡና “ከዚህ ሳጥን ሌላ የት አለ?” አሉኝ። የትም የለም ስላቸው ያን ቀን የከሰዓት ቡናቸውን ሳይጠጡ ቀሩ። በሳምንቱ ሲዲ ላይ የሚገለብጥ ዕቃ አስገጠሙ፤ እኔም በየወሩ መጨረሻ ማስታወሻውን በሙሉ በአዲስ ሲዲ መገልበጥ ጀመርኩ። ጋሼ ሲዲውን የሚቀበሉት ግን እንደ መዝገብ ነበር። ቡናማ ፖስታ ውስጥ ያስገቡታል፣ ቁጥር ይሰጡታል፣ ያሽጉታል፣ ማኅተሙን ግማሹ ክዳኑ ላይ ግማሹ ፖስታው ላይ እንዲያርፍ አድርገው ይመቱበትና ይፈርሙበታል። ከዚያ ብረት ሣጥን ውስጥ ይቆለፍበታል። አዲሱ ሲታሸግ ያለፈው ወር ፖስታ ይከፈትና አሮጌው ሲዲ ለእኔ ይሰጠኛል፤ እኔም እሳቸው እያዩ በመቀስ አራት ቦታ እቆርጠዋለሁ። “ሁለት ቅጂ ማለት ሁለት አፍ ማለት ነው” ይላሉ።

እንግዲህ በዚህ ሁሉ ጊዜ የተገለበጠው በትክክል ይነበብ አይነበብ እንደሆነ ሌላ ኮምፒዩተር ላይ ከፍቶ ያየ አልነበረም። ማኅተም ያረፈበትን ፖስታ ማን ይደፍራል? እኔም ብሆን “ጋሼ፣ እንሞክረው” ብል ሙያዬን የተጠራጠርኩ መሰለኝ።

ክረምት ገባና ፍርድ ቤት ተዘጋ። ጋሼ የዘመድ ለቅሶ ደርሶባቸው ወደ አገር ቤት ሄዱ። የብረት ሣጥኑን ቁልፍ ለእኔ ሰጡኝ፤ ከዚያ በፊት ለማንም ሰጥተውት አያውቁም። በሁለተኛው ቀን፣ ዝናቡ እየወረደ፣ መብራቱ ጠፍቶ ተመልሶ ሲመጣ ከኮምፒዩተሩ ውስጥ ጧ የሚል ድምፅ ተሰማ፣ የተቃጠለ ጎማ የመሰለ ሽታም ሸተተኝ። ከሜክሲኮ የጠራሁት ጠጋኝ ኮምፒዩተሩን ፈታትቶ አየና ሃርድ ዲስኩ አልቋል አለኝ።

“ውስጡ ያለውስ?” አልኩት።

“ነፍስ ይማር በይ” አለ፣ እየሳቀ። ባለሙያ ሁሉ የሰው ሐዘን ቀልድ የሚመስለው ለምንድን ነው?

ከሰዓት በኋላ ሌላ ኮምፒዩተር አምጥቶ ገጠመልኝ። የአማርኛ መጻፊያውን ሲዲ ሱቅ ረስቶት ስለመጣ ነገ መጥቼ እጭንልሻለሁ አለ። ሊወጣ ሲል ደረጃው ላይ ዞር ብሎ፣ “እመቤቴ፣ ቫይረስ ያለበት ነገር እንዳታስገቢ። ይሄኛውም ከሄደ የታይፕ መኪናሽን አውርደሽ ቁጭ ነው” አለኝ። ንግግሩ ከነከነኝ። ለእሱ ሳላሳይ፣ ጋሼም ሳይመለሱ ሁሉንም አስተካክዬ ልጠብቃቸው ወሰንኩ። ሣጥኑን ከፈትኩ፣ ማኅተሙን ቀደድኩ፣ ሲዲውን አስገባሁ።

የገጾቹ ቁጥር ልክ ነበር። ገጽ ስከፍት ግን አማርኛ የሚባል ነገር የለም። የፈረንጅ ፊደል፣ የጥያቄ ምልክት፣ ነጥብ፣ ቅንፍ፣ የገንዘብ ምልክት፣ ሁሉም ተደባልቆ እንደተበተነ ዶቃ ገጹን ሞልቶታል። ሌላ ገጽ ከፈትኩ። ያው ነው። አሥረኛውን፣ የመጨረሻውን፤ ያው ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ የሠራሁት በአንዲት ኮምፒዩተር ብቻ ነበር፤ እሷ ላይ አማርኛው ቀድሞ ተጭኖ ስለጠበቀኝ ጽሑፉ የሚነበበው የዚያ ፕሮግራም ፊደል በተጫነበት ኮምፒዩተር ላይ ብቻ መሆኑን አላውቅም። ዛሬ ሕፃን የሚያውቀውን እኔ አላውቅም ነበር። እኔ የማውቀው ቫይረስ የሚባለውን ነው። ቫይረስ በልቶታል፣ አሁን ደግሞ አዲሱን ኮምፒዩተር ሊበላ ነው ብዬ ሲዲውን መንጭቄ አወጣሁት።

ከዚያ መሳቢያውን ስቤ መቀሱን አነሣሁ።

አባቴ ከወሎ መጥቶ ጌጃ ሰፈር ዕድሜውን የፈጀ ልብስ ሰፊ ነው። “አሥር ጊዜ ለካ፣ አንዴ ቁረጥ” የሚለውን ከጡት ጋር ነው የጠባሁት። እኔ ግን አንዴም ሳልለካ እንደለመድኩት አራት ቦታ ቆረጥኩት። እጄ በየወሩ የለመደው ነገር ስለነበር መቀሱ አልከበደኝም። ጠራርጌ ቅርጫት ውስጥ ጨመርኩትና ፊቴን ታጥቤ ቁጭ አልኩ።

በማግስቱ ጠዋት ጠጋኙ መጣ። ከቀድሞው የተለየ የአማርኛ መጻፊያ ጫነልኝ፤ የቁልፎቹን አቀማመጥ እያሳየ ሲያሾፍብኝ ግማሽ ሰዓት ያህል አጠገቤ ቆመ። “ትናንት አንድ ሲዲ ከፍቼ እንዲህ ሆነብኝ” ብለው ኖሮ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር። አላልኩትም። ቁርጥራጩ ገና እግሬ ሥር ቅርጫት ውስጥ ስለነበር ላለማየት እግሬን ሰብስቤ ተቀመጥኩ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ማለት ይሄ ነው።

ጋሼ ሲመለሱ ኮምፒዩተሩ መቃጠሉን ነገርኳቸው። ብዙም አልደነገጡም። “ፖስታው አለ አይደል?” አሉኝ።

“ከፈትኩት ጋሼ። ቫይረስ በልቶታል።”

ወደ ወንበራቸው ሳይሄዱ የባለጉዳይ አግዳሚውን ያዝ አድርገው ተቀመጡ። ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። “እስቲ ለሚያውቅ ሰው ይታይልን ልጄ” አሉኝ በልመና ድምፅ።

“አሳይቻለሁ” አልኩ። አፌን አልያዘኝም። “ሜክሲኮ ሁለት ቦታ ወስጄ አሳይቼዋለሁ። አይሆንም ብለው ጣሉት።”

ቀና ብለው አዩኝ። ስንቱን ውሸታም ባለጉዳይ በአንድ አስተያየት የሚለዩ ሰው እኔን አመኑኝ። “በዚህ ዝናብ! ደክመሻል፣ እግዜር ይስጥሽ” አሉ። ምስጋናቸውን ተቀበልኩ። ከሁሉም ከሁሉም ዛሬ ድረስ የሚያቃጥለኝ ያ ምስጋና ነው። ቢቆጡኝ ኖሮ ምናልባት አልቅሼ እናገር ነበር።

ፍርድ ቤት ሲከፈት አርብ አርብ የጠፋውን እንደገና ሊያስጽፉኝ ሞከሩ። ሰባን አልፈዋል፤ ነገሩ ሁሉ በየቦታው ይጠፋባቸው ነበር። በግድግዳ የተጣሉ ሁለት ጎረቤቶችን ጉዳይ ጀመሩልኝና መሃል ላይ ቆሙ። ሴትየዋ ዘጠኝ ወር የዘጋችውን በር የከፈተችው አንድ ነገር ተብላ ነበር። ምን ነበር የተባለችው? ጋሼ ጣሪያ ጣሪያ ሲያዩ ቆዩና ወደ እኔ ዞሩ።

“አንቺ ጽፈሽው የለ እንዴ? ምን ብዬሽ ነበር?”

አላውቅም ነበር። እያንዳንዱ ቃል በእነዚህ ጣቶቼ አልፏል፤ አንዱም ልቤ አልገባም። እሳቸው ሲናገሩ እኔ ማታ ምን እንደምበላ፣ ታክሲው ሰልፍ ይኖረው እንደሆነ፣ ስንት ቃል በደቂቃ እንደመታሁ ሳስብ ነበር። “ረሳሁት ጋሼ” አልኩ። ባልሰማሁት ነገር ረሳሁት ማለትም ሌላ ውሸት ነው። እሳቸው “አይ፣ አንቺ ምን ታደርጊ” ብለው ሌላ ጉዳይ ጀመሩ፣ እሱም መሃል ላይ ቆመ። በአራት አርብ አራት ገጽ ያህል ጻፍን፤ ከዚያ በኋላ ወንበራቸውን ወደ እኔ ጠረጴዛ ማምጣት ተዉ።

ከዚያ ወዲህ ዓመት ሳይሞላ ሜክሲኮ ካለ አንድ ድርጅት የተሻለ ሥራ አገኘሁ። እውነቱን ለመናገር ሥራው ብቻ አልነበረም የሳበኝ፤ የአርብ ከሰዓቱን ዝምታ መሸሽ ፈልጌ ነበር። ጋሼ የምስክር ወረቀት ልስጥሽ አሉኝና በቃላቸው አስጻፉኝ፤ ጸሐፊዋ እኔው ነኝና የራሴን ምስክርነት ራሴ መታሁት። “በታማኝነቷ ወደር የላትም” የሚል ነበረበት። ያቺን መስመር ሳልወድ በግዴ አነበብኳት። ቁልፉ ላይ ጣቴ ቆመ፤ ጋሼ “ፈጠንኩብሽ እንዴ?” አሉኝ። አልፈጠኑብኝም አልኩና ጨረስኩት።

አዲሱ መሥሪያ ቤት ሦስት ዓመት ያህል ከሠራሁ በኋላ ነው። ከጎኔ የምትቀመጥ የሥራ ባልደረባዬ ከመዝገብ ቤት የመጣ አሮጌ ደብዳቤ በኮምፒዩተሯ ከፈተች። ቀና ብዬ ሳይ ያ የተበተነ ዶቃ! የፈረንጅ ፊደል፣ የጥያቄ ምልክት፣ ነጥብ፣ ቅንፍ።

“አጥፊው! ቫይረስ ነው!” ብዬ ጮህኩ። ቢሮው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

እሷ ከት ብላ ሳቀች። “የምን ቫይረስ? ፎንቱ፣ የፊደሉ ዓይነት እኮ ነው” አለችና ገጹን ሙሉ በሙሉ መረጠች፣ ከዝርዝሩ ውስጥ አንድ ስም ነካች። ዓይኔ እያየ መስመሩ ሁሉ አማርኛ ሆነ። ከላይ እስከ ታች፣ አንድ ፊደል ሳይጎድል። “ይኸው፣ ዳነልሽ” አለችኝ።

መፀዳጃ ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ያ ሁሉ ገጽ በሕይወት ነበር። እኔ መቀስ እስካነሣ ድረስ አንድም ነገር አልሆነም ነበር። ቆርጬው እንኳ፣ ያን ዕለት “ለሚያውቅ ሰው ይታይልን” ሲሉኝ እውነቱን ብነግራቸው ቢያንስ በእውነቱ ያዝኑ ነበር። አለቀስኩ፤ ግን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

ሄጄ ልነግራቸው ወሰንኩ። ቅዳሜ እሄዳለሁ አልኩ። ቅዳሜ ዘነበ። የእኔ ረመዳን ይውጣ አልኩ፣ ከዚያ ደግሞ የእሳቸው ፍልሰታ ይለፍ አልኩ። ለራሴ ሰበብ ለማግኘት የሁለቱንም ሃይማኖት የቀን መቁጠሪያ ጨረስኩት። በዚህ መሃል ልደታ ይፈርስ ጀመር፤ ፎቃችንም ፈረሰ። ፎቶ ኮፒ አንሺውን ሜክሲኮ ታክሲ ተራ አግኝቼው ጋሼ ሥራ ማቆማቸውን፣ ልጃቸው ሌላ ቦታ ቢሮ መክፈቷን ነገረኝ። ከዚያም በኋላ ሌላ ዓመት አለፈ።

በመጨረሻ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከልደታ ማርያም ወረድ ብሎ ወዳለው ቤታቸው ሄድኩ። በሩን የከፈተችልኝ ልጃቸው ናት። ተማሪ ሳለች ቢሮ ስትመጣ ያየችኝን አስታወሰችና አቅፋ ሳመችኝ። ጋሼ በረንዳው ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነበር፤ ከስተዋል፣ ሸሚዛቸው ግን እንደ ድሮው እስከ አንገት ተቆልፏል። እጃቸውን ሳምኩ። “እንዴት ነሽ ልጄ፣ ቤተሰብ እንዴት ነው፣ ሁሉ ደህና?” አሉኝ ሞቅ አድርገው። ደስ አለኝ፤ ስሜን ግን አልጠሩም።

ልጃቸው ወንበር እያመጣችልኝ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ “አሁን አሁን ሰው ይጠፋበታል” አለችኝ። ከዚያ ሻይ እየቀዳች ስለ ሥራዋ አወራችኝ። “የአባዬን ደንበኞች ተረክቤ ነበር። ይመጣሉ፣ ሕጉን እነግራቸዋለሁ፣ የባሰ ተጣልተው ይሄዳሉ። እሱ እንዴት ያደርግ እንደነበር ሁሉንም ጽፎልኝ ነበር አሉ። ተቃጠለ አይደል?” አለችኝ።

ሻዩን ሳልነካው አስቀመጥኩት። ለእሷ ከመመለሴ በፊት ወደ እሳቸው ዞርኩና ሁሉንም ተናገርኩ። ሲዲው እንዳልተበላሸ፣ እኔ ሳላውቅ እንደቆረጥኩት፣ ለማንም ሳላሳይ አሳይቻለሁ ብዬ እንደዋሸሁ፣ ምስጋና እንደተቀበልኩበት፣ ካወቅሁ በኋላም ሦስት ዓመት እንደዘገየሁ። ልጃቸው ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች ቆማለች። ጋሼ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ አንገታቸውን ወደ እኔ አዘንብለው፣ ባለጉዳይ እንደሚያዳምጡት አዳመጡኝ። አንድ ጊዜም አላቋረጡኝም።

“ሰውዬው አሠሪሽ ነበሩ?” አሉኝ።

ወዲያው አልገባኝም። ከዚያ እንደ ባለጉዳይ እየጠየቁኝ መሆኑ ገባኝ። “አዎ” አልኩ።

“በሕይወት አሉ?”

“አሉ።”

“እንግዲያው ጠበቃ አያስፈልግሽም” አሉኝ፣ እጄን መታ መታ እያደረጉ። “ክፉ ሰው አይመስሉም፣ ይቅር ይሉሻል። ብቻ ሽማግሌ ሳይሆኑ አይቀሩምና ሳይረፍድ ሂጂና ለራሳቸው ንገሪያቸው።”

“እሺ ጋሼ” አልኩ።